ስኳር በሽታ ሬቲናን ሲጎዳ

ሬቲና በዓይን ኳስ ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል የተነጠፈ ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከልክ ሲያልፍ፣ ይህን ሽፋን የሚመግቡት እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። አንዳንዱ አብጦ ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ አንዳንዱ ጭራሹን ይዘጋል። ዓይን ግን አይቀላም፣ አያምም፤ ሕመምተኛውም መጀመሪያ ላይ ደህና ያያል። የበሽታው ክፋት እዚህ ላይ ነው።

ፈሳሹ ማኩላ በሚባለው የሬቲና መሃል ሲጠራቀም ፊደል ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጣል፣ መርፌ ላይ ክር መሰካት ያዳግታል። በሌላ በኩል፣ ኦክስጅን ያነሰው ሬቲና አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል። እነዚህ በቀላሉ የሚበጠሱ ናቸው፤ ሲደሙ በዓይን ፊት ጥቁር ክርና ነጠብጣብ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዴም እይታ በድንገት ይጋረዳል። የሚከተለው ጠባሳ ሬቲናን ስቦ ሊያላቅቀው ይችላል።

በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ፣ የዓይን መታወር ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ትራኮማና ሞራ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ነበር። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ የሞተ ሬቲና ግን አይመለስም። ስኳር ያለበት ሰው ብዥታውን «ሞራ ነው፣ ይብሰልና ይገፈፋል» ብሎ ከጠበቀ የሚያጣው ሬቲናውን ማዳን የሚቻልበትን ጊዜ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ጠብታ ብሌንን ያሰፋና ሐኪሙ በመሣሪያ ወደ ውስጥ ሲመለከት ቀያይ ነጥቦችንና ቢጫ ዝቃጮችን ያያል። ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ስለሚወጋ በዚያ ቀን ሞተር ሳይክል ወይም መኪና መንዳት አይገባም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ አዳዲስ የደም ሥሮች በበቀሉባቸው ዓይኖች ላይ ሌዘር ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም አለ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ስኳርንና የደም ግፊትን መቆጣጠር ነው።

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ሬቲናውን ሊመረመር፣ ከዚያም በየዓመቱ ሊመላለስ ይገባል። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሁን። ለምርመራ ከዳንግላ ባሕር ዳር ለሚሄድ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይን ደህና እያየ ሳለ ይህን መንገድ መሄድ ያዋጣል።