ከዲ ኤን ኤ ክር የተሠራው የሕዋስ በር

በ2009 ዓ.ም. ድርቁ በበረታበት ወቅት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በሶማሌ ክልል የብዙ ቤተሰብን ደጃፍ አንኳኩቷል። የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ሕክምና ውድ መድኃኒት አይደለም፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠው የኦ.አር.ኤስ ዱቄት ነው። በአይሻም በጅግጅጋም ያሉ እናቶች ያውቁታል። ጨዉስ ይሁን፣ ስኳሩ ለምን ገባ?

መልሱ ያለው የሕዋስ በር ላይ ነው። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ስስ የቅባት ሽፋን አላቸው። ጨው በቅባት ውስጥ እንዲሁ አያልፍም። ስለዚህ አላህ (ሱ.ወ.) በሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጠባብ በሮች አድርጓል፤ እያንዳንዱም የሚያሳልፈው የተለየ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ መርዝ አንጀት ውስጥ አንዱን በር ከፍቶ ይተወዋል። ጨው ይፈሳል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ፈሳሹ ያልቃል። ነገር ግን ጨውንና ግሉኮስን አንድ ላይ ሲያገኝ ብቻ የሚያስገባ ሌላ በር አለ፤ ይህኛው በበሽታው ጊዜም ይሠራል። በአንዱ ፓኬት 2.6 ግራም የገበታ ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ አብረው የታሸጉት ለዚህ ነው። ስኳሩ ለጣዕም አይደለም፤ ጨዉ የሚገባው በእሱ ነው፣ ውሃውም ይከተላል።

እንዲህ ያለ በር ሰው ሊሠራ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ፍሪድሪኽ ዚመልና ሄንድሪክ ዲትስ፣ አንድ ሠርተው በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡ። የተጠቀሙት ግን ፕሮቲን ሳይሆን ዲ ኤን ኤ ነው። ዲ ኤን ኤ አራት «ፊደላት» አሉት፤ ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይያያዛል። ይህ ጠባዩ ለግንባታ ያመቻል። አንድ ረጅም ክር ይወሰድና ብዙ አጫጭር ክሮች ይጨመሩበታል፤ አጫጭሮቹ ረጅሙን እዚህም እዚያም እየያዙ ወደታቀደው ቅርጽ ያጥፉታል። ሰፌድ እንደመስፋት ያለ ነው፣ ግን የሚሰፋ እጅ የለም። ድብልቁ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ክሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። ዘዴውን ፖል ሮዝመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይቶ ነበር።

የሙኒኮቹ በር በርሜል መሰል አካልና ከሥሩ የወጣ ግንድ አለው። ግንዱ ሽፋኑን ወግቶ ይገባል፤ በመካከሉ 2 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ችግሩ ዲ ኤን ኤ ውሃ ወዳድ መሆኑ ነበር፤ ቅባት ውስጥ መቀመጥ አይወድም። ስለዚህ ከቅባት ጋር የሚስማማ 26 የኮሌስትሮል መንጠቆ አደረጉለት። የሚገርመው፣ ቅርጹን ያነሱት ቁስል ከሚያመግል ባክቴሪያ መርዝ ነው፤ መርዙ ሕዋስን የሚበሳው በተመሳሳይ ቅርጽ ነውና።

«ዲ ኤን ኤ» ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰጋው የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው፤ በሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 119 የሸይጣን ዛቻ ሆኖ የተጠቀሰውን። ስጋቱ ተገቢ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይመስለኝም። የማንም ዘር አልተነካም። በዚህ ሥራ ረጅሙ ክር በተለምዶ የሚገኘው ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ አጫጭሮቹ በማሽን ይመረታሉ። ዲ ኤን ኤው እዚህ ትእዛዝ አያስተላልፍም፣ እንደ ጡብ ነው። ሙከራውም የተደረገው በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ሽፋን ላይ ነው። ለሕክምና ወደ ሰው ሰውነት ይግባ ከተባለ፣ ያኔ ዑለሞችና ሐኪሞች አብረው የሚያዩት ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

ለዚያ ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። የተፈጥሮው በር ሶዲየምን ከፖታሲየም ይለያል፤ ይህኛው በአብዛኛው ቀዳዳ ነው፣ የመጠነውን ያሳልፋል። ደም ውስጥም ዲ ኤን ኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ይበልጥ ቅርብ የሚመስለው ጥቅም ምርመራ ነው፤ በቀዳዳው ኤሌክትሪክ እያለፈ ሳለ አንድ ሞለኪውል ቢገባ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ከቅነሳው የገባው ነገር ይለያል። በዚሁ መርህ የሚሠራ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ጊኒ ድረስ ተወስዶ የኢቦላ ቫይረስን ዘረመል እዚያው አንብቧል። የዚያ መሣሪያ በር ግን ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የዲ ኤን ኤው በር ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም።