ፎርክሊፍት ሲገዛ ጋቢናውም ዋጋ ይውጣለት

ፎርክሊፍት ለመግዛት ገበያ የሚወጣ ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስንት ቶን እንደሚያነሳ፣ ስንት ሜትር ድረስ ከፍ እንደሚያደርግና ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ነው። ደላላውም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ኦፕሬተሩ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀመጥበት ጋቢና ግን ብዙ ጊዜ ሻጭም ገዢም አያነሱም። ወንበሩ ተቀዶ ቢገኝ እንኳ “ይሰፋል” ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና ማሽኑ በቀን ስንት ፓሌት እንደሚያመላልስ፣ ስንት ዕቃ እንደሚሰብር፣ ኦፕሬተሩም ማታ በጤና ቤቱ መግባት አለመግባቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ጋቢና ነው።

ጉዳዩ የኪስ ጉዳይም ሆኗል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ሲተመን ዋጋው ስለሚንር፣ ገዢው ወደ አገለገለው ማዘንበሉና “ምቾት” የሚመስለውን ሁሉ ከሂሳቡ ማውጣቱ አያስገርምም። ችግሩ በጋቢና ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በሌላ በር ተመልሶ መውጣቱ ነው።

ባሌስትራ የሌለው ተሽከርካሪ

ፎርክሊፍት እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ የለውም። ዕቃ ተሸክሞ ከፍ ሲያደርግ እንዳይወዛወዝ ሲባል የፊት አክስሉ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ይታሰራል። በመሆኑም የግቢው ኮብልስቶን፣ የመጋዘኑ ደፍና የተሰነጠቀው ሊሾ የሚፈጥሩት ምት በጎማው አልፎ ወንበሩ ላይ ይደርሳል። ጎማው ድፍን ሲሆን ደግሞ ምቱ ይብሳል። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ በሻንሲውና በኦፕሬተሩ ወገብ መካከል የሚቀረው ማለዘቢያ ወንበሩ ብቻ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ መላ አካልን ለሚያናውጥ ንዝረት ገደብ አስቀምጧል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ተሰልቶ ንዝረቱ በሰከንድ ስኩዌር 0.5 ሜትር ካለፈ አሠሪው የመቀነሻ እርምጃ መውሰድ ይኖርበታል፤ 1.15 ሜትር ደግሞ ፈጽሞ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ ነው። ፋብሪካዎች በወንበር ላይ የሚፎካከሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ደህና የሚባለው ወንበር ከሥሩ ሞላና ማርገቢያ ያለው ሲሆን፣ እንደ ተቀማጩ ክብደት ይስተካከላል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተጠበቀ ወንበር 60 ኪሎ ለሚመዝነው እንደ ድንጋይ ነው። ለቀላሉ የላላው ደግሞ ከባዱ ሲቀመጥበት እስከ መጨረሻው ወርዶ ይመታል። በፈረቃ በሚሠራባቸው መጋዘኖች እያንዳንዱ ኦፕሬተር ሲረከብ ወንበሩን በራሱ ኪሎ ማስተካከል አለበት። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ወጪም የለውም።

አንገት ዞሮ ሲዋል

በሹካው ላይ የተደራረበ ጭነት የፊቱን እይታ ሲከልል ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ እየነዳ ይጓዛል። ወገቡንና አንገቱን አዙሮ ደጋግሞ ሲመላለስ የሚውል ሰው ከቀትር በኋላ መድከሙ አይቀርም። የደከመ ኦፕሬተር ደግሞ ሹካውን በፓሌቱ ሳይሆን በካርቶኑ ውስጥ ይሰካል፤ መደርደሪያ ይገጫል፤ ከኋላው የሚያልፈውን ጫኝና አውራጅ ዘግይቶ ያያል።

የጋቢና ዲዛይነሮች ያተኮሩት እዚህ ላይ ነው። በመጠኑ ወደ ጎን የሚዞር ወንበር፣ በኋለኛው ምሰሶ ላይ ክላክስ የተገጠመለት መያዣ፣ ከወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ሳይነሱ የሚነኩ ማንሻዎች፣ ዝቅ ያለና የማያንሸራትት መወጣጫ የዚህ ውጤቶች ናቸው። በጠባብ መተላለፊያ በሚሠሩት ማሽኖች ላይ ኦፕሬተሩ ወደ ጎን እንዲቀመጥ ተደርጓል። ከፍተኛ መደርደሪያ ሲታይ አንገት እንዳይቀጭ ጋቢናው ራሱ ወደ ኋላ ጋደል የሚልባቸውም አሉ።

ሲገለበጥ

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ባወጣው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1994 በዚያች አገር 1,021 ሠራተኞች በፎርክሊፍት አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህም ከመቶው 22ቱ የሞቱት ማሽኑ ሲገለበጥ ነው።

ማሽኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል ሰው በደመ ነፍስ ይዘላል። የዘለለውን ግን የራሱ ማሽን የጣሪያ ከለላ ደርሶ ይጫነዋል። ተቀምጠው በሚነዱት ፎርክሊፍቶች የሚመከረው በቀበቶ ታስሮ መቆየት፣ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ በእግር መደገፍና ከሚወድቅበት አቅጣጫ በተቃራኒው ማዘንበል ነው። ቀበቶው ከተበጠሰ ወይም የወንበሩ ጎን ከረገበ ግን ይህ ሁሉ ምክር ዋጋ የለውም።

ከመክፈል በፊት

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ነጋዴ ከመካኒኩ ጋር ኦፕሬተሩንም ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። ኦፕሬተሩ ከነጭነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዳው፤ ወንበሩ በኪሎ መስተካከሉን፣ ቀበቶው መቆለፉን፣ ፍሬንና ክላክሱ በቀላሉ መደረሱን ይይ። የጣሪያው ከለላ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይታይ፤ ተቆርጦ በበየዳ የተቀጠለ ከሆነ ከላይ የሚወድቅ ዕቃን መቋቋሙ አያስተማምን። በዲዝል የሚሠራ ከሆነ የማርሚታው ጭስ ወዴት እንደሚወጣ ይጣራ፤ በዝግ መጋዘን ውስጥ ጭሱ መርዝ ነውና።

ወንበርና ቀበቶ ለብቻ ተገዝተው የሚቀየሩ ዕቃዎች ስለሆኑ፣ ጉድለት ከተገኘ የመተኪያቸው ዋጋ ተጠይቆ ከማሽኑ ዋጋ ላይ ሊቀነስ ይገባል። ቀበቶው ሳይተካ ማሽኑን ወደ ሥራ ማስገባት ግን አያዋጣም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው በመሆኑ፣ አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው ሻጩ ወይም ደላላው ሳይሆን ማሽኑን ያሠራው ነው።

ሦስት ቶን የሚያነሳ ማሽን ኦፕሬተሩ ከቀትር በኋላ ወገቡን ይዞ የሚወርድበት ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የገዛው ሰው የከፈለው ለሙሉ ቀን፣ ያሠራው ግን ለግማሽ ቀን ይሆናል።