ዛፎቹ የተጻፉበት ግምጃ ቤት

ሕንፃ የነደፈ ሰው ቁልፉ በሚሰጥበት ቀን ያሰበውን ቆሞ ያያል። መናፈሻ የነደፈ ሰው ግን ያ ቀን አይመጣለትም። ወረቀቱ ላይ ሰፊ ጥላ የጣለው ዛፍ መሬቱ ላይ ገና ክንድ የማይሞላ ችግኝ ነው፤ ጥላው ሲደርስ ነዳፊው አርጅቷል፣ ወይም የለም። ስለዚህ የመናፈሻ ነዳፊዎች ቢሮ የሚያስቀምጠው ወረቀት ከሌላ ሙያ ወረቀት የከበደ ይመስለኛል። መናፈሻው ምን እንዲሆን እንደታሰበ ሙሉ ሆኖ የሚታየው እዚያ ነውና።

እንዲህ ያለ ወረቀት በብዛት ከተጠበቀባቸው ቦታዎች አንዱ ከቦስተን አጠገብ፣ ብሩክላይን በምትባል ከተማ ይገኛል። ፌርስቴድ ይባላል። ሐረግ የወጣበት አሮጌ የገበሬ ቤት ነው፤ ከጎኑ በየጊዜው እየተቀጣጠለ የረዘመ ቢሮ አለው፤ ከቢሮው ጋር ደግሞ እሳት እንዳይደፍረው በጡብ የተሠራ ግምጃ ቤት። ንድፎቹ ወደ 140 ሺህ ይጠጋሉ።

ቤቱን በ1883 የገዛው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእንግሊዛዊው አርክቴክት ካልቨርት ቮክስ ጋር ሆኖ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ በ1858 ነድፎ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ብሩክላይን ሲገባ ቢሮውንም እዚያው መኖሪያው ውስጥ ከፈተ። ሥራው የቤተሰብ ነበር። ወንድሙ ሲሞትበት ባለቤቱን አግብቶ ልጆቿን ያሳደገ በመሆኑ፣ የወንድሙ ልጅ ጆን ቻርልስ እንደ ልጁ ሆኖ አብሮት ሠራ። ኋላም የአብራኩ ክፋይ ፍሬድሪክ ልጁ ተጨመረ። አባትየው የማስታወስ ችሎታው እየደከመ ሲሄድ በ1895 ሥራውን ተወ፤ በ1903 አረፈ። ልጆቹ ግን ኦልምስቴድ ወንድማማቾች በሚል ስም ቢሮውን በአሜሪካ ከሁሉ የሚበልጥ አደረጉት። ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ የመቃብር ስፍራ፣ የግል ግቢ፣ ሁሉም ወደዚያ ቤት ይጽፍ ነበር።

አሁን ወደ አሠራራቸው ልግባ፤ እኔን የሚማርከኝ እሱ ነው። አንድ ደንበኛ ሲመጣ ለሥራው ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያንን ሥራ የሚመለከት ሁሉ፣ የመሬቱ ቅየሳ፣ የእርሳስ ንድፉ፣ ፎቶግራፉ፣ ደብዳቤው፣ የተክል ዝርዝሩ፣ በዚያ ቁጥር ሥር ይገባል። እንዲህ የተቆጠሩት ሥራዎች 6 ሺህ ያህል ናቸው። የተክል ንድፉን ያየ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፤ ክብና ደመና መሰል ቅርጾች፣ በውስጣቸውም ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ሲያስተያዩት ግን የትኛው ቁጥቋጦ፣ ስንት ሥር፣ የት እንደሚተከል ይነበባል። ንድፉ ካለቀ በኋላ ለአትክልተኛውና ለተቋራጩ ቅጂ ይወጣል። የብረት ጨው የተቀባ ወረቀት ከንድፉ ሥር አድርገው ብርሃን ያሳዩታል፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ በውኃ ሲታጠብ ሰማያዊ ይሆናል፣ መስመሩ የከለለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ድሮ ያ ብርሃን የፀሐይ ነበር፤ በዳመና ቀን ሥራው ይዘገያል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስቀመጡት ለታሪክ ብለው አልነበረም። ደንበኛው ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ አጥሩን ሊያሰፋ፣ መንገድ ሊጨምር፣ የደረቀ ዛፍ ሊተካ ይፈልጋል። ያኔ የድሮው ወረቀት የሥራ ዕቃ ነው፤ እንደ አናጺ መጋዝ ሁልጊዜ እጅ ይነካዋል። የተረፈውም በዚህ ይመስለኛል።

ወረቀቱ ባይኖር ምን ይጠፋ እንደነበር ቦስተን ላይ ይታያል። ባክ ቤይ ፌንስ የሚባለው መናፈሻ ሲጀመር ሽታው የሚያውክ፣ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት የባሕር ረግረግ ነበር። ኦልምስቴድ ባሕሩ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ የሚሞላና የሚጎድል፣ ጨው የሚችል ሣር የለበሰ ረግረግ አድርጎ አበጀው፤ ጎርፉን የሚቀበል፣ ለዓይንም የተፈጥሮ የሚመስል። በ1910 ግን የቻርልስ ወንዝ ተገደበ፤ የባሕሩ ውኃ መምጣቱን ተወ፣ ጨው የለመዱት ተክሎችም አለቁ። የመጀመሪያው ፌንስ ዛሬ ያለው ንድፉ ላይ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ማዲ ወንዝ ደግሞ በ1950ዎቹ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በላዩ የመኪና ማቆሚያ ተነጠፈበት። ከተማው ተጸጽቶ፣ ውኃው በ2016 እንደገና ፀሐይ አየ።

ሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሳያውቁት የዚህ ቢሮ እንግዶች ናቸው። ጆን ቻርልስ በ1903 ወደዚያ ሄዶ ለከተማዋ የመናፈሻ ዕቅድ አወጣ። ሬኒየር ሸለቆ ያሉ ሐበሾች ልጆቻቸውን ይዘው ሊወርዱበት የሚችሉት ሲዋርድ ፓርክ፣ ወደ ሐይቅ የገባው ያ በደን የተሸፈነ መሬት፣ በዚያ ዕቅድ ውስጥ ነበር። ከተማው መሬቱን የገዛው ግን ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1911 ነው።

ታናሽየው ፍሬድሪክ በ1949 ሥራ አቆመ፤ ቢሮው በሌሎች እጅ ሆኖ እዚያው ቤት ቀጠለ። ደብዳቤዎቹ ዋሽንግተን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ንድፎቹ ብሩክላይን ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ የአንድ መናፈሻን ነገር የሚመረምር ሰው አንዱን የሥራ ቁጥር ይዞ ሁለት ቦታ ይፈልጋል፤ ክርክሩን ዋሽንግተን ያነባል፣ መስመሩን ብሩክላይን ያያል። በ1979 ኮንግረስ ቤቱ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ታሪካዊ ስፍራ እንዲሆን ፈቀደ። ያ መሥሪያ ቤት በ1916 ሲቋቋም ዓላማውን የሚገልጸውን የሕጉን ዋና ዓረፍተ ነገር ያረቀቀው ራሱ ታናሹ ፍሬድሪክ ነበር። አዲሶቹ ጠባቂዎች ለዓመታት ተጠቅልለው የኖሩትን ወረቀቶች እያረጠቡ፣ እየዘረጉ፣ እየጠገኑ ቆዩ፤ አሁን ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ።

የቤቱን ግቢ ወደ 1930 ገደማ መልኩ ሲመልሱትም መነሻቸው ቢሮው ለራሱ ግቢ የሠራው ወረቀት ነበር። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ሣሩ መካከል፣ ኦልምስቴድ ቤቱን ሲገዛ እንዳይነካ ያደረገው አንድ ትልቅ የኤልም ዛፍ ቆሞ ኖሯል። በሽታ ገብቶበት በ2011 ተቆረጠ። በቦታው ሌላ ኤልም ተተክሏል፤ ገና ቀጭን ነው፣ ጥላውም ሣሩን አልሸፈነም።