የቦረና ኮርማ በኔብራስካ

«የእኛ ከብት ዘሩ ደካማ ስለሆነ በፈረንጅ ኮርማ ይለወጥ» የሚል ሐሳብ በምሁራን ወገኖቻችን ዘንድ ደጋግሞ ይነሳል። እኔ በዚህ አልስማማም።

መጀመሪያ ሐቁን እንቀበል። እዚህ አሜሪካ፣ ኔብራስካ ውስጥ ክሌይ ሴንተር የሚገኘው የመንግሥት የከብት ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቦረናን ዘር ፈትሾት ነበር። ከቦረና ኮርማ የተወለዱት ዲቃሎች በማድለቢያው ውስጥ የሄርፎርድና የአንገስ ልጆችን ያህል አልከበዱም። ፈጥኖ ማደግ ከኮርማው የሚወረስ ጠባይ ነውና አያስገርምም።

ነገር ግን ትልቅ አካል ትልቅ ቀለብ ይፈልጋል። በቆሎ እንደ ልብ በሚታፈስበት ኔብራስካ ኪሎ የሚጨምር ሰንጋ፣ ከብት በበጋ በሦስት ቀን አንዴ ከኤላ በሚጠጣበት የቦረና ቆላ መጨመሩ ቀርቶ ያለውንም ሥጋ ሊጥል ይችላል። መደቀሉስ? ዘራቸው የተራራቀ ወላጆች የሚወልዱት ጥጃ ከሁለቱ አማካይ በልጦ ያድጋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ዲቃላ ከዲቃላ ሲራባ ግን ያ ብልጫ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ንጹሑ ቦረና ከጠፋ መደቀያውም አብሮ ይጠፋል። አዳማ (የቀድሞዋ ናዝሬት) ዙሪያ ለዓረብ አገር ገበያ የሚደልበው ወይፈንም ይኸው ቦረና ነው። የሚሻለው ከራሱ ከቦረናው መንጋ ፈጥነው የሚያድጉትን ኮርማዎች እየመዘገቡ መምረጥ ነው፤ የኬንያ አርቢዎች ቦረናን ያሻሻሉት በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው።