«ካርቦን» ወይስ «ከሰል»? በኮራል ገንዳ ናይትሬትን ስለ መቀነስ የሚያገለግሉ ቃላት

የባሕር ኮራልና ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ስለ መጠበቅ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚን የሚያሰናክለው ቃል «ካርቦን» ነው። በዚሁ በአንዱ ሙያ ውስጥ ቃሉ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ይጠራልና። አንደኛው የውሃውን ቀለምና ጠረን እንዲመጥ በማጣሪያ ውስጥ የሚቀመጥ፥ ተለይቶ የተዘጋጀ ከሰል ነው። ሁለተኛው ግን ናይትሬትን ለመቀነስ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመር ፈሳሽ፥ ይኸውም አልኮል ወይም አቼቶ ነው። ሁለቱም «ከሰል» ተብለው ቢተረጐሙ አንባቢው ከሰል ሲጨምር ይከርማል፤ ናይትሬቱም ከነበረበት ንቅንቅ አይልም።

የዓሣው ኩስና የተራረፈው ምግብ ሲበሰብስ መጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ሲበዛም አልጌው ያለ ልክ ይፋፋል፥ ኮራሉም የደመቀ ቀለሙን አጥቶ ቡናማ ይሆናል። አሜሪካዊው የባሕር ተመራማሪ አልፍሬድ ሬድፊልድ ከ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያካሄዳቸው ጥናቶች እንዳመለከቱት፥ በውቅያኖስ ተንሳፋፊ ደቂቅ ሕያዋን አካል ውስጥ ለ1 የፎስፎረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞች ይገኛሉ። የባክቴሪያ አካል ስፍሩ ከዚህ ቢለይም ከሦስቱ አብዝቶ የሚሻው ያንኑ ካርቦንን ነው። በገንዳው ውስጥ ናይትሮጅን ተትረፍርፎ ሳለ የሚያጥረው ሊበላ የሚችል ካርቦን ስለ ሆነ፥ አልኮሉ ሲጨመርለት ባክቴሪያው ይባዛል፤ ናይትሬቱንና ፎስፌቱንም እየወሰደ የገዛ አካሉን ይሠራበታል። ከዚያም ከፊሉ በአረፋ ተይዞ ከገንዳው ይወጣል። ኦክስጂን በማይደርስበት የድንጋዩ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኦክስጂኑን ከናይትሬት ነጥቀው ናይትሮጅኑን በጋዝ መልክ ይለቁታል። በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ የሚጨመረው ይህን ሥራ ለማገዝ ነው፤ ሆኖም ምግቡን ካላገኘ እምብዛም አይረዳም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን «መጣጭ ከሰል»፥ ሁለተኛውን «የካርቦን ምግብ» ብንላቸው መደናገሩ ይቀራል። «ባክቴሪያ» እንዳለ ቢተው ይሻላል፤ «ተውሳክ» ብንለው አንባቢ በሽታን ያስባልና ሆን ብሎ ወደ ገንዳው እንዲጨምረው ማን ያሳምነዋል? ለአረፋ ማውጫው መሣሪያ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ቅቤ ስታነጥር አረፋውን የምትገፍፍ ሴት ሁሉ ቃሉን ታውቀዋለችና «አረፋ መግፈፊያ» ይባል።

ፈሳሹን በየቀኑ እየለኩ መስጠትን «ምጠና» ብንለው ከምጥን ሽሮ ጋር ስለሚዛመድ ለጆሮ ባዕድ አይሆንም። «መጨመር» የሚለው ግሥ ብቻውን ልክን አያሳስብም፤ ልክ ደግሞ በዚህ ሥራ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የካርቦን ምግብ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ባክቴሪያው ያለ ቅጥ ተባዝቶ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ኦክስጂኑንም ይጨርስና ዓሣው፥ በተለይ በሌሊት፥ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ በጥቂት ተጀምሮ ናይትሬቱ እየተለካ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል። ናይትሬቱ ፈጽሞ እንዲጠፋም አይፈለግም፤ ኮራሉ ራሱ ጥቂት ይሻልና።

ልኬቱም የራሱ ወጥመድ አለው። አንዳንድ መለኪያዎች መላውን ናይትሬት፥ ሌሎቹ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ይመዝናሉ፤ በሁለተኛው በሊትር 10 ሚሊግራም የተባለው በመጀመሪያው 44 ያህል ነው። መዝገበ ቃላቱ «ናይትሬት» እና «የናይትሬት ናይትሮጅን» ብሎ ለየብቻ ሊያሰፍራቸው ይገባል፤ «ናይትራይት»ም በአነባበብ እጅግ ስለሚቀርባቸው ከጎኑ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍለት መልካም ነው።