ሁለተኛው ዲስክ

ጥር ሲገባ በባሕር ዳር የሠርግ ካሜራ የያዘ ሰው እንቅልፍ የለውም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ከሠርጉ እስከ መልሱ ሲደመር የአንድ ቤት ድግስ ብቻውን ላፕቶፑን ያጨናንቃል። ለዚህ ዓይነቱ ሸክም የተሠራች ትንሽ ሣጥን አለች፤ ናስ ይሏታል።

ናስ ስክሪንም ኪቦርድም የሌላት ኮምፒውተር ናት። በኬብል ከራውተሩ ጋር ትያያዛለች፤ የቤቱ ላፕቶፕ፣ ስልክና ቴሌቪዥን በዋይፋይ እየገቡ ፋይል ያስቀምጡባታል፣ ከእሷም ይወስዳሉ። ሥራዋ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም አትቆምም፤ በከተማው ዓባይ ማዶ ሰፈር ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቤት ከሚሠሩት ብዙዎቹ ሁለት የዲስክ ማስገቢያ አላቸው። ዲስክ ውድ ነውና አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ባዶውን ይከርማል።

ችግሩ ሃርድ ዲስክ ሟች መሆኑ ነው። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳሕኖች አሉ፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ሳሕኑን ሳይነካ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ከሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ዋስትና የሚሰጡት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አያሰጋትም። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ፎቶ ቤት የሚከፍት ካለ ግን በራሱ ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ሲገባ ማሽኗ ሁለቱ እንዴት እንዲሠሩ እንደሚፈለግ ትጠይቃለች። ሬይድ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቀ ነው፤ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ማሠራት ነው ሐሳቡ። ሬይድ ዜሮ ሁለቱን ደምሮ አንድ ትልቅ ዲስክ ያደርጋል፤ አንዱ ሲሞት ግን የሁለቱም ይጠፋል። ሬይድ ዋን እያንዳንዱን ፋይል በሁለቱም ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ቢሞት ሥራው በሌላው ይቀጥላል። ቦታው በግማሽ ይቀንሳል እያሉ የሚያጉረመርሙ አሉ። የሰው ሠርግ ያስቀመጠ ሰው ሬይድ ዜሮ ሲመርጥ ግን እኔ አይገባኝም።

አዲሱ ዲስክ ከነባሩ ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ያነሰውን ማሽኗ አትቀበልም። በላዩ የነበረ ነገር ይደመሰሳል። አንዳንዷ ማሽን ደግሞ አሠራሯ ሲቀየር ነባሩንም ፎርማት ታደርጋለችና፣ ቁልፉን ከመጫን በፊት ያለውን በሌላ ዲስክ ማውጣት ግዴታ ነው። የጥበቃ ካሜራ ከሚገጥሙ ሱቆች ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ስማርት የሚባለውን የዲስኩን መዝገብ ከፍቶ የሠራበትን ሰዓት ይይ፤ ሳያርፍ የሠራ ዲስክ በዓመት 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። በአንዳንድ ርካሽ ዲስኮች የጽሑፉ መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ለመጻፍ ጎረቤቱን መልሶ መጻፍ ስለሚያስፈልግ ለናስ ይከብዳሉ።

ከዚያ የማመሳሰሉ ሥራ ይጀመራል። 4 ቴራባይት በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢገለበጥ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ነባሩ ዲስክ ብቻውን ነው። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የከፋ ነገር ሊመጣ ስለሚችል መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካው ዩፒኤስ ሳይኖር መጀመር ድፍረት ነው። ጥሩ ዩፒኤስ በዩኤስቢ ከማሽኗ ጋር ይያያዝና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሷን በሥርዓት እንድትዘጋ ይነግራታል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ፋይሉ ሁለት ቦታ ያለ ይመስለዋል። ያለው አንድ ቦታ ነው። በስሕተት የተደመሰሰ ፎልደር በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ዲስኮች ይጠፋል፤ ሌባ ሣጥኗን ከወሰደ ሁለቱንም ወሰደ፤ መብረቅም ቢሆን አይመርጥም። ሬይድ ዋን የሚከላከለው ከዲስክ ሞት ብቻ ነው።

ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ የማስቀመጥን ጥቅም ጣና አካባቢ ያለ ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። የሐይቁን ደሴቶች የብራና መጻሕፍት ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 መጥቶ በማይክሮፊልም አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ሲጀመር ደግሞ ፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደረገ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ያን ስብስብ ሲመረምሩና ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት እዚያው ኮሌጅቪል ነው።

ለቤት የሚበቃው ከዚህ ያነሰ ርቀት ነው። ተጨማሪ የውጭ ዲስክ በዩኤስቢ ከናሷ ጋር ተያይዞ ሌሊቱን ይገለብጣል፤ ጠዋት ይነቀላል። ፎቶ ቤቱ ዓባይ ማዶ ከሆነ ዲስኩ ከወንዙ ወዲያ፣ ከዘመድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይደር። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመርቋል፤ በባጃጅ ማሻገሩ አይከብድም። ከመላኩ በፊት ግን ከዲስኩ ላይ ሁለት ሦስት ቪዲዮ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ እስከ መጨረሻው መሄዳቸውን ማየት ያስፈልጋል።