ጉልበት ሲያምም፦ ክኒን ወይስ ቅባት?

ለጸሎት የተንበረከኩ እናት ለመነሣት ወንበር ሲደገፉ፣ አባት ደረጃ ሲወርዱ ፊታቸው ሲኮማተር አይተው ይሆናል። በብዙ ቤት መፍትሔው ክኒን ነው። ሕመሙ ለጊዜው ይታገሣል። ይሁን እንጂ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ታዲያ ሌላ አማራጭ የለም? አለ። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያ ከዕድሜ ጋር ለሚመጣው የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር የሚቀባ መድኃኒትን አጥብቆ ይመክራል። ዲክሎፌናክ ጄል ከእነዚህ አንዱ ነው። ጄሉ አንድ ጉልበት ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ክኒኑ ሲዋጥ ከሚገባው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጉልበትና የእጅ ጣቶች ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ ይጠቅማቸዋል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ግን ጥልቅ በመሆኑ አይደርስበትም።

አቀባቡም ሥርዓት አለው። 1 በመቶ የሆነው ጄል ለአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ ለአንድ እጅ 2 ግራም በቀን 4 ጊዜ ይቀባል። አንድ ቀን ሞክሮ መተው አይገባም፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በቁስል ላይ አይቀባም፤ በፋሻ አይጠቀለልም፤ ሙቀት አይደረግበትም። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከላይ ከጠቀስናቸው ክኒኖች ጋር አይደረብም።

በርበሬን ከሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተሠራ ክሬምም አለ። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው ግን በየቀኑ ለሳምንታት ሲቀባ ነው። እጅዎ ዓይንዎን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ብትቀባ መልካም ነው። የቀባው ሰው ወዲያው እጁን ይታጠብ። የታመመው እጅ ከሆነ ግን ጄሉ እንዲሠራ ለአንድ ሰዓት አይታጠቡ።

ነፍሰ ጡር፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። መገጣጠሚያው ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካለ፣ በቅባት እያስታገሡ መቆየት ጉዳቱን ማባባስ ነው፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ዛሬ ማታ እናትዎን ወይም የትዳር ጓደኛዎን፣ "ስንት ክኒን ትወስዳላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። ከዚያም ያንን ይዘው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክሩ።